ትሏ የት ሄደች?

በብዙ መዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት ሥዕል ተለጥፎ ይታያል። እንቁላል፣ ትል፣ በልባሷ ተጠቅልላ የተንጠለጠለች ፑፓና ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ በክብ ተደርድረዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስዱ ቀስቶች አሉ፤ የመጨረሻው ቀስት ከቢራቢሮዋ ተነሥቶ ወደ እንቁላሉ ይመለሳል። አስተማሪዋ ክቡን በጣቷ ትዞረዋለች፣ ልጆቹ በዜማ ይደግሙታል፣ ትምህርቱም በዚያው ያልቃል።

ያ የመጨረሻ ቀስት ግን ልጅን ያሳስታል። የአምስት ዓመት ልጅ ሥዕሉን እንደተሣለ ከተረዳው ቢራቢሮዋ ተመልሳ እንቁላል ትሆናለች ማለት ነው። አትሆንም። እንቁላሏን ትጥላለች፣ አብዛኛውን ጊዜም በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ትሞታለች፤ ከእንቁላሉ የምትወጣው ሌላ ናት። የሚዞረው ዘሩ ነው። እያንዳንዷ ነፍስ አንድ ጊዜ መጥታ አንድ ጊዜ ታልፋለች። ክቡን ማየት የሚችለው ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ነው፤ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ቀርቦ ነው የሚያየው። የሚጨነቀውም በጣቱ ላይ ስለምትሄደው ስለዚህች ትል ነው።

ትናንት ትል የነበረችው ዛሬ ቢራቢሮ ከሆነች፣ ያችው ናት ወይስ ሌላ? ትሏ የት ሄደች? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ታላላቅ አእምሮዎችን ያደከመ ጥያቄ መጠየቁን አያውቅም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1694 በታተመው የታላቅ ሥራው ሁለተኛ እትም ላይ ስለዚሁ ጉዳይ አዲስ ምዕራፍ ጨምሯል። ውርንጭላ አድጎ ፈረስ ሲሆን፣ ቢወፍርም ቢከሳም፣ ያው ፈረስ ነው ይላል ሎክ፤ አካሉ ቢለዋወጥም ሳይቋረጥ የቀጠለው ሕይወት አንድ ነውና። ለሰው ማንነት ግን ሌላ መስፈርት ሰጥቷል፤ ያለፈውን የራስ አድርጎ የሚያስታውስ ንቃተ ኅሊና።

ሎክ ፈረስን መምረጡ ነገሩን ቀላል አድርጎለታል። ውርንጭላ ፈረስን ይመስላል። ትል ግን ቢራቢሮን አትመስልም።

አዋቂውም ዓለም ይህን ለመረዳት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። የደም ዝውውርን የገለጠው ዊልያም ሃርቪ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1651 ባሳተመው መጽሐፍ ፑፓን እንደ ሁለተኛ እንቁላል ቆጥሯት ነበር። ትል ከበሰበሰ ሥጋ በራሱ ይወለዳል የሚለው እምነት በፈተና የተናጋው ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሬዲ እ.ኤ.አ. በ1668 ሥጋን በዕቃ ውስጥ አስቀምጦ፣ ገሚሱን ክፍት ትቶ ገሚሱን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ዝንብ ያልደረሰበት ሥጋ ትል እንደማያወጣ ሲያሳይ ነው። በዚያው ዘመን ሆላንዳዊው ያን ስዋመርዳም ፑፓ ለመሆን የተቃረበችን ትል ቆዳ ገልጦ፣ የመጪዋን ቢራቢሮ ክንፍና እግር ከሥር ተጣጥፈው አገኛቸው። ትሏ ሞታ በቦታዋ ሌላ አልተተካችም፤ ቢራቢሮዋ ከውስጧ እየተዘጋጀች ነበር።

ከእነዚህ ሊቃውንት ጎን አንዲት ልጅ መቆም አለባት። ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን እ.ኤ.አ. በ1647 በፍራንክፈርት ተወለደች፤ በአሥራ ሦስት ዓመቷ የሐር ትል ማርባት ጀመረች። ማንም የሰጣት የቤት ሥራ አልነበረም። ትሎቹን እየመገበች፣ እያየች፣ የምታየውን እየሣለች አደገች። በ1699 ከልጇ ጋር ባሕር ተሻግራ ወደ ሱሪናም ሄደች፤ በ1705 ያሳተመችው የሱሪናም ነፍሳት መጽሐፍም በታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። የአሣሣሏ ብልሃት ዛሬም ሊያስተምር ይችላል። ትሏን፣ ፑፓዋን፣ ቢራቢሮዋንና ትሏ የምትበላውን ተክል በአንድ ገጽ ላይ አንድ ላይ ታኖራቸዋለች። ቀስት የለም፣ ክብ የለም። ተመልካቹ አንዱን ሕይወት በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ያየዋል።

ልጆች ከምን ተነሥተው ነው ወደዚህ ዕውቀት የሚመጡት? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ካርል ሮዘንግረንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጥናት የሦስት ዓመት ልጆች ሳይቀሩ እንስሳ በጊዜ ብዛት እየተለቀ እንጂ እያነሰ እንደማይሄድ ያውቃሉ። ጊዜ አካልን እንደሚለውጥ ማንም ሳያስተምራቸው ደርሰውበታል ማለት ነው። ጃፓናዊቷ ካዮኮ ኢናጋኪ በ1990 ያወጣችው ጥናት ደግሞ ለአስተማሪ ይበልጥ ይጠቅማል። ቤታቸው ወርቃማ ዓሣ ያሳደጉ የአምስት ዓመት ልጆችን ካላሳደጉት ጋር አነጻጸረች። ያሳደጉት ስለ ዓሣ የተሻለ ቢያውቁ አያስገርምም። የሚያስገርመው ስለ እንቁራሪት ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ነው። ትንሿን እንቁራሪት ሁልጊዜ እንደ ትንሽነቷ ማቆየት ይቻላል ወይ ሲባሉ፣ የእነሱ ዓሣ ትንሽ እንደነበረና እንዳደገ አስታውሰው እንቁራሪቷም ታድጋለች አሉ። በእጃቸው የያዙት አንድ ሕይወት ያልያዙትን ሌላውን እንዲገምቱ አስቻላቸው።

ታዲያ ሕያው እንስሳ እንዲህ የሚያስተምር ከሆነ ትልና ቢራቢሮ ሆኖ መጫወት ለምን ያስፈልጋል?

በየመዋዕለ ሕፃናቱ የሚጫወቱት ጨዋታ የታወቀ ነው። ልጁ ይኮማተርና እንቁላል ይሆናል። ከዚያ በሆዱ እየተሳበ ቅጠል ይበላል። ነጠላ ወይም አንሶላ ይጠቀለልበታል፤ ዝም ይላል። በመጨረሻም ነጠላውን ገፎ፣ እጆቹን ዘርግቶ ክፍሉን እየዞረ ይበራል። ለሚያይ አዋቂ ይህ ልጆችን ማድከሚያ ነው። ለልጁ ግን በዚያ ነጠላ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ይከናወናል። ትል የነበረውም እሱ ነው፣ ቢራቢሮ የሆነውም እሱ ነው። ከግድግዳው ሥዕል ፊት የቆመ ልጅ አራት ነገሮችን ያያል፤ የተጫወተው ልጅ አንድ ራሱን ይዞ አራቱን ያልፍባቸዋል።

የሥነ ልቦና ሊቁ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 በሌኒንግራድ ባደረገው ንግግር ስለዚህ ያለው ነገር አለ። በትር ፈረስ አድርጎ የሚጋልብ ልጅ በትሩ በትር መሆኑን አልረሳም፤ ትርጉምን ከዕቃው ለይቶ መያዝ እየተማረ ነው። በእውነትም እህትማማች የሆኑ ሁለት ልጆች እህትማማች ሆነው ሲጫወቱ፣ በሌላው ጊዜ ሳያስቡት የሚኖሩትን እህትነት ያስተውሉታል ይላል። በነጠላ የተጠቀለለውም ልጅ እንዲሁ ነው። በየቀኑ ያድጋል፤ ጥርሱ ይወልቃል፣ ጫማው ይጠበዋል፣ ግን ማደጉን አያየውም። ትል ሆኖ ሲጫወት መለወጥን ራሱን ያስተውለዋል። ሕፃን እያለህ የተነሣኸው ፎቶ ነው ተብሎ የሚታየውን፣ የማያስታውሰውን ጨቅላ ራሱ አድርጎ ለመቀበል የሚያስፈልገው ሐሳብ ይኸው ነው።

ጨዋታው የሚዋሽበት ቦታም አለ፤ ይህን አለመደበቅ ይሻላል። በጨዋታ ውስጥ ጊዜ ይመለሳል። ቢራቢሮ የሆነው ልጅ «እንደገና!» ብሎ ይኮማተራል፣ እንቁላል ይሆናል፤ የግድግዳው የመጨረሻ ቀስት በእሱ አካል እውነት ይሆናል። በነጠላው ውስጥ የሚቆየውም ጥቂት ሰከንድ ነው። እውነተኛዋ ትል ግን ስትቆይ ቀናትና ሳምንታት ነው፤ አትመለስምም። ስለዚህ ጨዋታው ብቻውን ሲቀር ልጁ ጊዜ ያለ ዋጋ የሚታጠፍ ይመስለዋል፤ ሕያው እንስሳው ብቻውን ሲቀር ደግሞ ከውጭ የሚታይ ትዕይንት ሆኖ ይቀራል። ዕውቀቱ የሚወለደው ልጁ ጠዋት በሣጥኑ ውስጥ ያያትን፣ ከሰዓት በኋላ በነጠላው ውስጥ የሆናትን፣ በማግሥቱም ተመልሶ ሲያያት ከቀድሞው ተለይታ ያገኛትን አንዲት ትል ሲያስተያይ ነው።

በፑፓዋ ውስጥ የሚሆነው ነገር ራሱ ከየትኛውም ተረት ይልቃል። አብዛኛው የትሏ አካል ይፈርሳል። ከትልነቷ ጀምሮ ተኝተው የቆዩ ጥቃቅን የሕዋስ ስብስቦች ነቅተው ክንፍ፣ ዓይንና እግር ይሆናሉ። የነርቭ ሥርዓቷ ከፊሉ ይተርፋል። በአሜሪካ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት የትንባሆ ቅጠል የምትበላን ትል አንድ የኬሚካል ሽታ እያሸተቱ በቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሽታውን እንድትሸሽ አስለመዷት። ትሏ ፑፓ ሆነች፣ ከዚያም ክንፍ አውጥታ ወጣች፤ ያንን ሽታ አሁንም ትሸሻለች። ትምህርቱ የቀረው በትልነታቸው መጨረሻ ዕድሜ ላይ በተማሩት ነው፤ ገና ትንንሽ ሳሉ የተማሩት ግን ክንፍ ሲያወጡ አላስታወሱትም። ሎክ ይህን ቢሰማ ኖሮ ምዕራፉ ሳይረዝም አይቀርም ነበር። «ትሏ የት ሄደች?» ለሚል ልጅም ሐቀኛ መልስ ይገኝበታል። ብዙው ነገሯ ፈርሶ ተሠርቷል፤ የሆነ ነገሯ ግን አለ፣ ያስታውሳልም።

ሌላው የክቡ ሥዕል ዝምታ ስለ ቁጥር ነው። በሥዕሉ ላይ አንድ እንቁላል አንዲት እንቁራሪት ይሆናል። በኩሬው ግን አንዲት እንቁራሪት እንደ ዝርያዋ በመቶዎችም በሺዎችም የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ የኩሬው እንቁራሪቶች ቁጥር ባለበት እንዲቆይ ከአንዲት እናት የዕድሜ ልክ እንቁላል በአማካይ ሁለቱ ብቻ አድገው ቢዋለዱ በቂ ነው። የቀሩት ለዓሣ፣ ለወፍ፣ ለውኃ ነፍሳት ምግብ ይሆናሉ። ይህን ለሕፃን በቁጥር መንገር አይቻልም፤ በጨዋታ ግን ይቻላል። በግቢው መሬት ላይ ሰፊ ክብ ይሠመራል፤ ኩሬ ነው። ሠላሳ ልጆች ጅራታም የእንቁራሪት እጭ ሆነው ይገባሉ፣ ሁለት ልጆች ዓሣ ይሆናሉ። ዓሣ የነካው ልጅ ወጥቶ አይቀመጥም፤ የዓሣውን እጅ ይዞ አብሮት ይሮጣል፣ ምክንያቱም የተበላው የበላው አካል ሆኗል። ዓሣው እየረዘመ ይሄዳል። በመጨረሻ ሁለት ሦስት ልጆች እግር አብቅለው ከኩሬው ዘለው ይወጣሉ።

እዚህ ላይ ማሸነፍና መሸነፍ ባይኖር ይመረጣል። የተያዘው ልጅ ሰነፍ ስለሆነ አልተያዘም፤ ምናልባት ቆሞበት የነበረው ቦታ ነው። ጨዋታው ደርዘን ጊዜ ሲደጋገም ልጆቹ ራሳቸው ይህን ያስተውላሉ፤ ሁልጊዜ የሚተርፍ ልጅ የለም። የዕድልንና የብዛትን ሥራ በሩጫ የተማረ ልጅ፣ ተፈጥሮ ለምን ያን ያህል እንቁላል እንደምታባክን ሲጠየቅ የሚለው አያጣም፤ መባከኑንም ላይቀበል ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ሞት ነው፤ አብዛኛው የክፍል ትምህርት የሚያልፈውም እሱን ነው። በዚህ ረገድ በካምብሪጅ ከተማ የነበረው የሞልቲንግ ሃውስ ትምህርት ቤት የተወው መዝገብ ትልቅ ሀብት ነው። ሱዛን አይዛክስ ትምህርት ቤቱን ከ1924 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. መርታለች፤ ሕፃናቱ የሚሉትንና የሚያደርጉትንም በየቀኑ ትመዘግብ ነበር። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ጥንቸል ሞቶ አደረ። አንዱ ልጅ ሆዱ ከፍ ዝቅ ስለማይል ሞቷል አለ። ሌላው ውኃ ውስጥ ብናደርገው ይነቃል፣ አባቴ ነግሮኛል አለ። አይዛክስ «አይሆንም» ብላ አላስቆመችም፤ እናድርገውና እንይ አለች። ጥንቸሉ ተንሳፍፎ ቀስ እያለ ሲዞር አንዳንዶቹ ይንቀሳቀሳልና ሕያው ነው አሉ። እሷም ትንሽ እንጨት ውኃው ላይ ጣለች፤ እንጨቱም ዞረ። እንጨት ሕያው እንዳልሆነ ሁሉም ተስማሙ። ከዚያ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። በማግሥቱ ሁለት ልጆች ሊያወጡት ፈለጉ፤ ወዲያው ግን ወደ ሰማይ ሄዷል፣ እዚያ የለም ተባባሉና ቁፋሮውን ተዉት። አስተማሪዋ መኖሩን እንይ ብላ አብራቸው ቆፈረች። ጥንቸሉ እዚያው ነበር።

ይህ ድርጊት ለብዙ ወላጅ ይከብዳል። የሚያስከብረው ግን አስተማሪዋ ለልጆቹ ጥያቄ የሰጠችው ክብደት ነው። የነፍስን ነገር ለየቤታቸው ተወችላቸው፤ ሥጋው የት እንዳለ ግን በዓይናቸው እንዲያዩ ፈቀደች። ልጆቹ ያን ቀን ያደረጉት ሬዲ በሥጋና በጨርቅ ካደረገው በመንፈስ አይለይም።

በኢትዮጵያ የልጅና የእንስሳ ቅርበት መጽሐፍ አያስፈልገውም ይባል ይሆናል፤ ከፊሉ እውነት ነው። በገጠርም በከተማ ዳር ሰፈርም ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ሃያ አንድ ቀን ስትቀመጥ፣ ጫጩቶቿ ሲፈለፈሉ፣ ጭልፊት አንዷን ሲነጥቅ ልጅ ያያል። ያችኑ ስም ያወጣላትን ጫጩት አሳድጎ ለፋሲካ በድስት ውስጥ ያገኛታል። ልጁ ሊያለቅስ ይችላል፤ «ዶሮ አይደል እንዴ!» ተብሎ ይታለፋል። እዚያ ላይ ግን ትምህርቱ ሁሉ ተሰብስቧል። እንቁላል፣ ጫጩት፣ ዶሮ፣ ምግብ፤ የልጁም አካል ያድግ ዘንድ የእሷ አካል መግባቱ። ያንን ዕንባ ሳያፍኑ ከልጁ ጋር አብሮ ማውራት ከማንኛውም የተለጠፈ ሥዕል ይበልጣል። በሌላ በኩል በከተማ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚያድገው ልጅ እንቁላል የሚያውቀው ከሱቅ ነው። ከሱቅ የሚገዛው አብዛኛው እንቁላል አውራ ዶሮ ከማይገባበት እርባታ ስለሚመጣ ቢታቀፍም እንደማይፈለፈል፣ የታቀፈውን ደግሞ በጨለማ ክፍል በባትሪ ብርሃን ቢያዩት ከሳምንት በኋላ የደም ሥሮቹ እንደሚታዩ የሚነግረው የለም።

በተረታችንም አንድ ጉድለት አለ። አባባ ተስፋዬ ለረጅም ዓመታት በቴሌቪዥን ለልጆች ሲያወሩ ጦጣው፣ ጅቡና አንበሳው ሕያው ሆነው ይታዩ ነበር። እነዚያ እንስሳት ግን በአብዛኛው ልጅነት የላቸውም። ብልጧ ጦጣ ተወልዳ፣ ጠብታ፣ አድጋ ስትበልጥ አንሰማም፤ ከመጀመሪያው ጦጣ ናት። ተረት ጠባይን ያስተምራል፣ ዕድገትን ለሌላ ይተዋል። ያንን ቦታ ጨዋታ ሊሞላው ይችላል፤ ኩኩሉና ዕቃ ዕቃ የሚጫወት ልጅ የጎደለው ችሎታ አይደለም።

ለጨዋታው የሚሆነው ሕያው ነገርም ሩቅ አይደለም። በየአጥሩ የሚበቅለው ጉሎ የኤሪ የሐር ትል ምግብ ነው፤ መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በሐር ትል ላይ ሲሠራ ቆይቷል። ይህች ትል አራት ጊዜ ቆዳዋን ትቀይራለች፣ ወር ገደማ በልታ የሐር ጎጆዋን ትሠራለች። የጎጆዋ አንደኛው ጫፍ ክፍት ስለሆነ ክንፍ ያወጣችው እናት ሳትሞት ትወጣለች፣ ሐሩም ከዚያ በኋላ ይፈተላል። የሙልበሪ ዛፍ ቅጠል የምትበላው ሌላዋ የሐር ትል ዕድሏ ከዚህ ይለያል፤ ክሯ ሳይበጠስ እንዲተረተር በጎጆዋ ውስጥ ሳለች በሙቀት ትገደላለች። ሁለቱም የክንፍ ዘመን ቢያገኙ ምግብ አይበሉም፤ ተገናኝተው እንቁላል ጥለው በቀናት ውስጥ ያልፋሉ። የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ የሚጠይቀውን ጥያቄ ማንም መገመት ይችላል፤ ሊሸሹት የማይገባ ጥያቄም ነው።

በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎ ሲያወድም ገበሬዎች ትሉን በእጅ እየለቀሙ ተዋግተውታል። ተምቹ መሬት ውስጥ ገብቶ ፑፓ ይሆናል፣ ክንፍ አውጥቶም በሌሊት ይበራል። ትሉን የሚያውቅ ልጅ በሌሊት የሚበረውንም ያው ነው ብሎ ካወቀ፣ የሕይወት ዑደት ለእሱ የፈተና ጥያቄ መሆኑ ያበቃል። የቤተሰቡ እህል ጉዳይ ይሆናል።

ለኦ ክፍልና ለመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዎች የሚቀርበው ጥያቄ ስለዚህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የተበሳሳ የካርቶን ሣጥን፣ ትሏ ከተገኘችበት ተክል የተቀጠፈ ቅጠል፣ አንድ ነጠላና ሰፊ ግቢ ይበቃል። የግድግዳው ሥዕል ይቆይ፤ የመጨረሻው ቀስት ግን ከቢራቢሮዋ ተነሥቶ ወደ ሌላ እንቁላል፣ ከፊቷ ወደሚጀምር አዲስ መስመር ይሂድ። በሣጥኑ ውስጥ አንዷ ሞታ ባደረች ጊዜም ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት አትጣል። አይተዋት፣ ጠይቀው፣ ራሳቸው ወስደው ይቅበሯት።